ያውቁ ኖሯል? ለአንድ ግኝት ስንት ሰው ያስፈልጋል

እ.ኤ.አ. በ2015 «ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የፊዚክስ ጥናት 5,154 ጸሐፊዎች እንዳሉት ያውቁ ኖሯል? ጽሑፉ 33 ገጽ ነው። ስለ ምርምሩ የሚናገሩት 9 ገጾች ብቻ ናቸው፤ በቀሩት 24 ገጾች የተዘረዘረው የተመራማሪዎቹና የተቋሞቻቸው ስም ነው። አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉ ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች ለየብቻ የሰበሰቡትን መረጃ አንድ ላይ አድርገው የሂግስ ቦዞን ቅንጣትን መጠነ ቁስ ከዚያ በፊት ባልተደረሰበት ትክክለኛነት ለኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብቻውን እንደሠራ የሚነገርለት አልበርት አንስታይን እንኳ በ1905 ያሳተመውን የአንጻራዊነት ጽሑፍ የዘጋው በምስጋና ነው። ተመስጋኙ ሚሼል ቤሶ ይባላል፤ በርን ከተማ በነበረው የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ባልደረባው ነበር። ጽሑፉ የማንንም ሥራ በዋቢነት አልዘረዘረም፤ የጓደኛውን ስም ግን አልዘለለም።

ሂግስ የተገኘበት የሰርን ቤተ ሙከራ በ1954 ሲመሠረት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከ12ቱ መሥራች አገሮች መካከል ፈረንሳይ፣ ብሪታንያና ምዕራብ ጀርመን ይገኙበታል፤ ከአሥር ዓመት በፊት አንዱ የሌላውን ከተማ ሲያወድም የነበሩ አገሮች። ከስዊዘርላንድና ከፈረንሳይ ድንበር ሥር የተቆፈረው ክብ ዋሻ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ነው። ቅንጣቶቹ በአንድ ሰከንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞሩታል፤ በዞሩ ቁጥርም ድንበሩን ይሻገራሉ።

ዛሬ በስልክዎ የሚከፍቱት ድረ ገጽ የተወለደውም እዚያው ነው። በየአገሩ የተበተኑ ተመራማሪዎች ሰነድ የሚለዋወጡበት መላ ሲፈለግ ቲም በርነርስ-ሊ በ1989 ሐሳቡን አቀረበ። ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሰርን ቴክኖሎጂውን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። የሰርን ትልቁ ስጦታ የትኛው እንደሆነ ብጠየቅ፣ ከቅንጣቷ ይልቅ ይህን ውሳኔ አስቀድማለሁ።

የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊው ዴሬክ ደ ሶላ ፕራይስ በ1963 እንዳሰላው፣ ዓለም እስከዚያ ካፈራቻቸው ሳይንቲስቶች ሁሉ ከመቶ ከ80 እስከ 90 የሚሆኑት በዚያው ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ሳይንስ በየ10 እስከ 15 ዓመቱ እጥፍ ሲሆን የመጣ ሥራ ነውና።

ታዲያ ቡድን በጨመረ ቁጥር ግኝት ይጨምራል ማለት ነው? በ2019 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ከ65 ሚሊዮን በላይ የምርምር ጽሑፎችን፣ የፈጠራ መብቶችንና የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን መርምሮ ነበር። ትልልቅ ቡድኖች የታወቀውን ሐሳብ ያጎለብታሉ፤ የነበረውን የሚገለብጥ አዲስ ሐሳብ ግን በብዛት የሚመጣው ከትናንሾቹ ነው። ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ሁለትና ሦስት ሆነው የሚሠሩ ሰዎች ደጅ ሲጠኑ ዕድሜያቸው ማለቅ የለበትም።

ጋላክሲዎችን በቅርጽ የመለየት ሥራ ለጥቂት ባለሙያዎች ሲበዛ፣ «ጋላክሲ ዙ» የተባለው ድረ ገጽ በ2007 ለሕዝብ ተከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት ከ150 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ከ50 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ፍርዳቸውን ሰጡ። ሃኒ ፋን አርከል የተባለች ኔዘርላንዳዊት መምህርት ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ማንም ያላስተዋለውን ግዙፍ የጋዝ ደመና አየች። ደመናው ዛሬ በስሟ ይጠራል።

የጥቁር ጉድጓድ የመጀመሪያ ምስል ኤፕሪል 10 ቀን 2019 ይፋ ሲሆን ሁሉም ያየው ብርቱካናማውን ቀለበት ነው። እኔን የደነቀኝ ግን ምስሉ የተሠራበት መንገድ ነው። ከሃዋይ እስከ ቺሊ፣ ከስፔን እስከ ደቡብ ዋልታ ያሉ ስምንት ቴሌስኮፖች በ2017 በአንድነት ሠሩ፤ ከደቡብ ዋልታው በቀርም ሁሉም ወደ ኤም87 ጋላክሲ አነጣጠሩ፤ ርቀቱ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። መረጃው ከመብዛቱ የተነሣ በኢንተርኔት ሊላክ አልቻለም፤ ሃርድ ዲስኮቹ በአውሮፕላን ተጫኑ። የደቡብ ዋልታዎቹ ክረምቱ አልፎ አውሮፕላን ማረፍ እስኪችል ለወራት ተጠበቁ።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፈሉና አንዱ ቡድን ስለ ሥራው ለሌላው እንዳይናገር ተከለከለ። ሰው ለማየት የሚጓጓለትን ነገር በመረጃው ውስጥ ያየ ሊመስለው ይችላል፤ ባልደረባው ያየውን ከሰማ ደግሞ ይብሳል። በየራሳቸው ዘዴ የሠሯቸውን አራት ምስሎች ባንድ ላይ ሲገልጧቸው አራቱም ላይ ቀለበት ነበር።

ከዚህም የከበደ ፈተና ራሳቸው ላይ የጣሉ አሉ። የስበት ሞገድ የሚፈልገው የላይጎ ቡድን፣ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሐሰት ምልክት በድብቅ ወደ መሣሪያው የማስገባት ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። በሴፕቴምበር 2010 ጠንካራ ምልክት መጣ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ወራት ወስደው መረመሩት፣ ተከራከሩበት፣ ለኅትመት የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጁ። በማርች 2011 ተሰብስበው ምስጢሩ ሲገለጥ ምልክቱ ሆን ተብሎ የተጨመረ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ድካም ልምምድ ነበር። እውነተኛው ሞገድ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ሲመጣ ግን እንዴት እንደሚጠራጠሩት ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን በሌሎች የሕይወት መስኮችም ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።

ፔኒሲሊንን ማን አገኘው ሲባል ሁላችንም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንላለን፤ 1928፣ ለንደን። ሻጋታው ባክቴሪያ ሲገድል ያየው እርሱ ነው። ሆኖም ለአሥር ዓመት ያህል በሰፊው የሚያገለግል መድኃኒት አልሆነም። ሥራውን ያነሡት በኦክስፎርድ አውስትራሊያዊው ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ኧርንስት ቼይንና ኖርማን ሂትሊ ናቸው። ጦርነት ነበርና ዕቃ አልነበረም፤ ሻጋታውን በሆስፒታል የመጸዳጃ ሳህን ሳይቀር ያበቅሉ ነበር። በ1941 በእነርሱ መድኃኒት የታከመው የመጀመሪያው በሽተኛ፣ አንድ ፖሊስ፣ ማገገም ጀመረ። መድኃኒቱ ጥቂት ስለነበር ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው ሰጡት። በመጨረሻ አለቀና ሰውየው ሞተ።

ሳይንሱ ትክክል ነበር፤ የጎደለው መጠን ነው። ፍሎሪና ሂትሊ በዚያው ዓመት አሜሪካ ሄዱ። ኢሊኖይ ውስጥ ፒዮሪያ በሚገኝ የግብርና ቤተ ሙከራ ከበቆሎ ስታርች ፋብሪካ የሚተርፈው ፈሳሽ ለሻጋታው ግሩም ምግብ ሆኖ ተገኘ፤ ከአንድ የሻገተ ካንታሎፕ ሜሎን የተወሰደ ዝርያም ከፍሌሚንግ ሻጋታ እጅግ የበለጠ ምርት ሰጠ። መንግሥት ኩባንያዎችን አስተባበረ። በጁን 1944 ወታደሮች ኖርማንዲ ሲያርፉ ከ2 ሚሊዮን በላይ መጠን ተዘጋጅቶ ነበር። የ1945 ኖቤል ለፍሌሚንግ፣ ለፍሎሪና ለቼይን ተሰጠ፤ ሽልማቱ ከሦስት ሰው በላይ አይካፈልም። የማጣሪያውን ዘዴ ያበጀው ሂትሊ ከኦክስፎርድ የክብር የሕክምና ዶክትሬት ያገኘው በ1990 ነው።

ፈንጣጣን ለመከላከል ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስዶ ጤነኛውን መከተብን ለቦስተን ነዋሪዎች ያስተማረው በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ኦኔሲመስ ይሉታል። በትውልድ አገሩ የተደረገለትን ለጌታው ለካህኑ ኮተን ማዘር ነገረው። በ1721 ወረርሽኝ ሲገባ አንድ ሐኪም ሞከረው። ከተከተቡት ከመቶ ሁለት ያህል ሲሞቱ፣ በሽታው በራሱ ከያዛቸው ግን ከመቶ 14 ሞቱ። የከተማዋ ሐኪሞች አብዛኞቹ ሐሳቡን ያጣጣሉት ነበር፤ ከምክንያቶቻቸውም አንዱ ከአፍሪካውያን መምጣቱ ነው። በኢትዮጵያም ይኸው የመከተብ ልማድ በየገጠሩ ለረጅም ዘመን ኖሯል።

ፈንጣጣ ከምድር እንዲጠፋ በ1958 ለዓለም ጤና ጉባኤ ሐሳቡን ያቀረበው ሶቪየታዊው ቪክቶር ዥዳኖቭ ነው። ከ1967 ጀምሮ ዘመቻውን የመራው ደግሞ አሜሪካዊው ዲ. ኤ. ሄንደርሰን። ሁለቱ አገሮች የኑክሌር ሚሳይል ደግነው በተፋጠጡበት ዘመን ሶቪየት ኅብረት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ክትባት በነጻ ሰጠች። መሣሪያው ጫፏ እንደ ሹካ ሁለት የሆነ ቀላል መርፌ ነበረች፤ ክትባቱን በአራት እጥፍ ታብቃቃለች፤ ያልተማረ ሰውም በጥቂት ጊዜ ይለምዳታል።

በኢትዮጵያ ዘመቻው የተጀመረው ዘግይቶ፣ በጃንዋሪ 1971 ነው። ለወባ ማጥፊያ ፕሮግራም ቅድሚያ ስለተሰጠ የፈንጣጣው ሥራ ይሁንታ ለማግኘት ጊዜ ወስዶበታል። ከዚያ በኋላ መንገድ በሌለበት ተራራና በረሃ ሁሉ ክትባት ሰጪዎች በእግርና በበቅሎ ዞሩ፤ ኋላም ሄሊኮፕተር መጣ። አብዮቱ ሲፈነዳና ጦርነቱ ሲስፋፋም ሥራው አልቆመም። የአገራችን የመጨረሻ በሽተኛ የተመዘገበው በኦገስት 1976 ነው። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር በሶማሊያ መርካ ከተማ ዓሊ ማው ማሊን የተባለ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ታመመ፤ ዳነም። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው የምድር ሰው እርሱ ነው። ኋላ ላይ በአገሩ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ አስተባባሪ ሆነ። የእነዚያ በየሸንተረሩ የዞሩ ኢትዮጵያውያን ክትባት ሰጪዎች ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

ሳይንስ ግን ሁሉንም ሕዝብ እኩል አያሳትፍም። እስከ 2018 ድረስ በሽታን ከዘረመል ጋር ለማያያዝ በተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ከተሳተፉ ሰዎች ከመቶ 78ቱ አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ነበሩ። የአፍሪካውያን ድርሻ ከመቶ ሁለት ያህል ነበር። ያልተጠየቀ ሕዝብ ውስጥ ያለው መልስ ሳይታወቅ ይቀራል። ለምሳሌ በ2005 በቴክሳስ ዳላስ ጥቁር አሜሪካውያንን በብዛት ያካተተ ጥናት፣ ፒሲኤስኬ9 የተባለው ዘረመል የተሰናከለባቸውና ጎጂ ኮሌስትሮላቸው በጣም ዝቅ ያለ ሰዎችን አገኘ። በአሥር ዓመት ውስጥ፣ በ2015፣ በዚያ እውቀት ላይ የተሠሩ መድኃኒቶች ተፈቀዱ። ዛሬ የየትኛውም የቆዳ ቀለም ያለው ሰው ይታከምባቸዋል።

በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ደግሞ በ1996 ከመቶ 29 ያህሉ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ዘረመል ተባዝቶ እንዳለባቸው አሳየ። ከዚህ ዘረመል የሚሠራው ኢንዛይም ኮዴይንን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለውጣል። የተባዛበት ሰው ለሌላው የታዘዘውን ያህል ሲወስድ ሰውነቱ ከሚገባው በላይ ሞርፊን ሊያመርት ይችላል። ጥናቱን ካካሄዱት መካከል ኢትዮጵያዊቷ እሌኒ አክሊሉ አለችበት። በስቶክሆልም፣ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሐኪም ቤት የሚታከም ወገን ቢኖርዎት ይህን ይንገሩት።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም በቆዳ ቀለም ምክንያት ይስታል። በ2020 በአሜሪካ ሆስፒታሎች መረጃ ላይ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ናቸው ካላቸው መካከል በደም ምርመራ ኦክስጅናቸው ዝቅ ብሎ የተገኘው ከነጮች 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮች 11.7 በመቶ እንደሆነ አሳየ።

የካሊፎርኒያ ገብስ በቢጫ አቀንጫሪ ቫይረስ ሲጠቃ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ከ6,600 በላይ የገብስ ዓይነቶችን ፈተኑ። በሽታውን የተቋቋሙት 117 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህ 113ቱ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። ያን ገብስ በየዓመቱ እየመረጠ ዘር ያቆየው ገበሬ በየትኛውም የጥናት ጽሑፍ ላይ ስሙ የለም።

የኢትዮጵያን እህል ሀብት ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ተዘዋውሮ ዘር ሰብስቧል፤ ከራስ ተፈሪም ጋር ተገናኝቷል። የስታሊን መንግሥት የዘረመል ሳይንስን የሚክደውን ትሮፊም ሊሴንኮን ሲደግፍ ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ፤ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። የሰው ልጅ እንዳይራብ ሲደክም የኖረ ሰው በእስር ቤት ተርቦ አለቀ። በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ ተከባ ስትራብ፣ ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ የሰበሰበውን እህል ሳይነኩ በረሃብ ሞቱ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። በአድዋ በተደረገው ሙከራ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም ዓለም አቀፍ ተቋማት ምርመራው በእነርሱ መመዘኛና በእነርሱ ቤተ ሙከራ ካልተደገመ ብለው ለዓመታት ዘገዩ። አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። መመርመሩ ትክክል ነው፤ ምርመራው ግን ከታመመው ሕዝብ አጠገብ፣ በራሱ ባለሙያዎች ሊሠራ ይችል ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው 67 አገሮች ከ1957 እስከ 1958 ምድርን በአንድነት በለኩበት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናትና እዚህ ጣቢያ ካልኖረ የዓለሙ ልኬት ይጎድል ነበር። ኦብዘርቫቶሪውን የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ።

በአፋር ወራንሶ-ሚሌ በ2016 የተገኘው የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ቁራጭ በመጀመሪያ የታየው በአንድ የአካባቢው አርብቶ አደር ነው። ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ዮርዳኖስ ውስጥ በ2017 የተመረቀው ሴሳሚ የተባለ የብርሃን ጨረር ቤተ ሙከራ ሲመረቅ አባላቱ እነማን እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል? ኢራን፣ እስራኤል፣ ፍልስጤም፣ ፓኪስታን፣ ግብጽ፣ ቱርክ፣ ቆጵሮስና ዮርዳኖስ። የመጀመሪያው መሣሪያ ከበርሊን በስጦታ የመጣ ነው።

የሰውን ሙሉ ዘረመል ያነበቡ ተመራማሪዎች በ1996 ቤርሙዳ ላይ ተሰብስበው፣ የተነበበውን ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ለማውጣት ተስማሙ። መረጃ የማካፈል ልማድ በዚህ ተጠናከረ። ጃንዋሪ 11 ቀን 2020 ቻይናዊው ዣንግ ዮንግዠንና አውስትራሊያ የሚሠራው ኤድዋርድ ሆልምስ የኮሮና ቫይረስን ዘረመል ይፋ አደረጉ። በማግስቱ የዣንግ ቤተ ሙከራ እንዲዘጋ ታዘዘ። የለቀቁት ጽሑፍ ግን ዓለምን ዞሮ ነበርና ማርች 16 ላይ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዋ በጎ ፈቃደኛ የሙከራ ክትባት ተወጋች።

በኖቬምበር 2021 የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ተመራማሪዎች አዲስ የኮሮና ቫይረስ ዝርያ አገኙ፤ ሳይደብቁ በፍጥነት ለዓለም ነገሩ። ኦሚክሮን ተባለ። በሰዓታት ውስጥ ብሪታንያ፣ በቀናት ውስጥ አሜሪካና ሌሎች አገሮች ለደቡባዊ አፍሪካ መንገደኞች በራቸውን ዘጉ። ይህን ሳስበው አሁንም ይከነክነኛል። የኔዘርላንድስ የጤና ተቋም ቀደም ብለው የተወሰዱ ናሙናዎችን መልሶ ሲያይ፣ ኖቬምበር 19 እና 23 በተወሰዱት ውስጥ ኦሚክሮን ተገኘ። ደቡብ አፍሪካ ያስታወቀችው ኖቬምበር 24 ነበር።